ለኅዳር የሥራ ቀን አልተገኘም

ሰኞ ጠዋት የይታይሽ ድረ ገጽ ሞተ። ቢሮ ገብቼ ሻይ እስኪመጣልኝ ድረስ፣ እንደ ልማዴ፣ ትንሽ ልጎብኘው ብዬ ብከፍተው ያ የማውቀው አረንጓዴ ገጽ የለም። በቦታው ነጭ ባዶ ነገር መጣ፤ መሃሉ ላይ ገጹ እንደማይገኝ የምትገልጽ አንዲት የእንግሊዝኛ መስመር ብቻ። ዘግቼ ከፈትኩት። በስልኬ ሞከርኩ። አጠገቤ የሚቀመጠውን ባልደረባዬን ስልክ ተውሼ ሞከርኩ። የለም።

ወዲያው ደወልኩላት፤ ስልኳም ዝግ ነው። ባልደረባዬ ፊቴን አየና ደንግጦ "ማን ሞተ?" አለኝ። "ድረ ገጽ" ስለው ሳቀብኝ። ይሳቅ። ይታይሽን አያውቃትማ!

እኔ የማውቃት ደብረ ታቦር ኮምፒውተር ሳይንስ ስንማር ነው። አንድ ዶርም ደርሶን አልጋዬ ከአልጋዋ በላይ ነበር። እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ እሷ ከጋፋት ወዲያ ካለች መንደር የመጣች የገበሬ ልጅ ናት። ስሜን ከያዘች በኋላም "የባሕር ዳሯ" ከማለት አልተመለሰችም። ላብራቶሪ ስንገባ ሁላችንም ወንበር ስበን እንቀመጣለን፤ ይታይሽ ግን መጀመሪያ ሻርፗን ከአንገቷ ታወርድና ወገቧን ጥብቅ አድርጋ ትታጠቃለች። ለአጨዳ የምትወርድ ነው የምትመስለው። የመጀመሪያ ቀን ስቀንባታል። ሴሚስተሩ ሳያልቅ ግን ፈተና ሲመጣ ወገባችንን ማሰር የጀመርን ልጆች ነበርን፤ አንዷም እኔ ነኝ።

ላፕቶፕ አልነበራትም። ላብራቶሪው ሲዘጋ ኮዱን የምትጽፈው መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልኳ፣ በሁለት አውራ ጣቷ ነው። የጻፈችውን ለዓለም ልትለቅ ስትል ደግሞ ዓይኗን ጨፍና፣ ትንፋሿን ውጣ፣ "እስቲ ይሰበር!" ብላ ትጫነዋለች። ሌላው ሰው "እንዳይሰበር" ብሎ ሲሳል እሷ "ይሰበር" ትላለች።

"ምን ዓይነት ሟርት ነው?" አልኳት አንድ ቀን።

"ሟርት አይደለም። ካልተሰበረ የት ጋ እንደሚሰበር በምን አውቃለሁ?" አለችኝ።

አንደኛው መምህራችን የግል ድረ ገጽ ሥሩ ሲለን ሁላችንም የሠራነው አንድ ዓይነት ነው። ጥቁር ገጽ፣ እንግሊዝኛ፣ ክራባት የታሰረበት ፎቶ፣ ሥር ደግሞ በቅጡ ያልቀመስነው ሙያ ሁሉ ተዘርዝሮ። የይታይሽ ገጽ በአማርኛ ነበር። ቀለሙ የገብስ ቡቃያ አረንጓዴ፣ ፎቶው የእሷ ሳይሆን የአባቷ በሬ፣ የባለቤቱ መግለጫ ደግሞ እንዲህ የሚል፦ "ይታይሽ እባላለሁ። የሚሠራ ነገር ደስ ይለኛል። የማይሠራ ነገር ካስቸገራችሁ ደውሉልኝ።" ሥሩ ስልክ ቁጥሯ አለ። መምህሩ አየውና "ይሄ ቀጣሪ ያያል ብለሽ ነው?" አላት። እሷም "ቀጣሪማ አይደውልም፤ የተቸገረ ሰው ነው የሚደውል" አለችው። እውነትም ተደወለላት። የመጀመሪያው ደዋይ ራዲዮው አልናገር ያለው የዩኒቨርሲቲው ጥበቃ ነበር።

ከዚያ የውሃዋ ገጽ መጣች። ዶርማችን ውሃ የሚመጣው ደስ ሲለው ነው። ይታይሽ አንዲት ገጽ ሠራች፤ ገጿ ላይ ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ በአረንጓዴ "አለ"፣ ወይም በቀይ "የለም"። ቧንቧ ከፍቶ ውሃ ያየ ሰው ይነካታል፤ ሌላው ባለበት ሆኖ ያያል። በቃ! ግን ግቢው አበደ። ክፍል ውስጥ ትምህርት እየተሰጠ ድንገት የሴቶቹ ስልክ ሁሉ "አለ" ይላል፤ ሁሉም አንድ ላይ ይነሳል፤ መምህሩ እጁ ሰሌዳው ላይ እንዳለ ይቀራል። የወንዶች ዶርም ተንኮለኞች ደግሞ ሳይኖር "አለ" ነክተው ጀሪካን ይዘን ስንሮጥ በመስኮት ይስቁብን ጀመር። ይታይሽ አልተናደደችም። ሻርፗን ታጠቀች፤ በማግስቱ አንድ ሰው ብቻውን ነክቶ ቃሉን መለወጥ እንዳይችል አደረገችና ሥሩ "የዋሸ ሳሙና እንደተቀባ ይቅር" ብላ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ የዋሸ አላየሁም።

የምርቃት ገጽም ነበራት። አንዱን ቁልፍ ስትነካው ከእናቷ የሰበሰበችው ምርቃት ይወጣል፦ "ያሰብሽው ይሙላ"፣ "ክፉ አይይሽ"። ለወንድና ለሴት ለየብቻ ቁልፍ አላት። ፈተና ክፍል በር ላይ የሚሰለፈው ልጅ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ሲመረቅ ማየት እንዴት ደስ ይል ነበር!

እኔን ግን ዛሬ ድረስ የማይለቀኝ የወንፈሉ ገጽ ነው።

ወንፈል ለማያውቅ፦ ዛሬ እኔ ያንተን አጭዳለሁ፣ ነገ አንተ የእኔን፤ በተራ ነው። በእነ ይታይሽ መንደር ተራውን የሚያወጡት አያ ፈንቴ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ግን ወንፈሉ በጭቅጭቅ ሊፈርስ ደርሶ ነበር፤ "ዘመዱን አስቀደመ" እየተባሉ ተወቀሱ። እነሱ ሲጨቃጨቁ ያለ ወቅቱ ዝናብ መጣና ተራ ሲጠብቅ የቆየው የይታይሽ አባት ስንዴ ዛላው ላይ እንዳለ በቀለ። ቤቱ ያንን ዓመት ተበድሮ በላ። አባቷ ወገባቸውን ይታመማሉ፤ ብቻቸውን ማጨድ አይሆንላቸውም።

"ዘንድሮም ከተበላሸ ትምህርቱን አቋርጬ እገባለሁ፤ ሁለት ዓመት ተርበው እኔን ሊያስተምሩኝ አይችሉም" አለችኝ ይታይሽ። ለቅሶም ምሬትም አልነበረበትም፤ አስባ የጨረሰችው ነገር ነበር።

እናም ገጹን ሠራችው። የእያንዳንዱ ሰው ማሳ የት እንዳለ፣ መቼ እንደተዘራ፣ ደጋ ይሁን ወረድ ያለ ይገባል፤ ገጹ ቀድሞ የሚደርሰውን አስልቶ ተራ ያወጣል። ተራውን ደግሞ በአጭር መልእክት ለየቤቱ ትልክላቸዋለች። በአንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰዉ ሰንበቴ ላይ እንደተቀመጠ ልታሳያቸው ይዛኝ ሄደች። የደብሩ ካህን ቄስ ይርጋ አሉ፣ አያ ፈንቴ አሉ፣ አባቷም ዱላቸውን ተደግፈው ጥግ ይዘዋል። ይታይሽ መሃል ቆመች፣ ሻርፗን ታጠቀች፣ "እስቲ ይሰበር!" ብላ ነካችው።

ስልኩ ላይ የመጣውን ጮክ ብላ አነበበች፦ "ለኅዳር የሥራ ቀን አልተገኘም።"

ከዚያ አያ ፈንቴ "እንግዲያ ስንዴው ራሱን ይጨድ!" አሉ። ሰንበቴው በሳቅ ፈነዳ። ጠላ የያዘው ሰውዬ ትን አለው።

ይታይሽ ቀልታ ስልኳን ትነካካለች። ለካስ በበዓል ሥራ እንደማይሠራ ለኮምፒውተሩ ስትነግረው የወሩን ቅዱሳን ከልደታ እስከ ማርቆስ አንድም ሳታስቀር አስገብታቸዋለች።

"ምነው ልጄ፣ ቅዱስ የሌለው ቀን እኮ የለም" አሏት ቄስ ይርጋ። "ሁሉን ካከበርን መቼ ልንበላ ነው?"

"አባ፣ መርጬ ላስገባ ብዬ ነበር" አለች። "ግን የትኛውን ቅዱስ ልሰርዝ? እጄ እንቢ አለኝ።"

ቄስ ይርጋ ራሳቸው ሳቁ። ከዚያ የመጣውን ብታዩ! ሰው ሁሉ በአንድ አፍ ያወራል። "ሚካኤልና ማርያም የሁላችን ነው!" "ጊዮርጊስማ ደብራችን ነው፣ ማን ይነካዋል!" "አቦን እኔ አከብራለሁ፣ ስለት አለብኝ፤ እነሱ ግን ይጨዱ፣ ምን አገባቸው!" አንዲት አሮጊት ከሴቶቹ በኩል ተነስተው "ባሌ ተክለ ሃይማኖትን የሚያከብር ለመተኛት ነው፤ እሱን ሰርዢው!" አሉ። ይታይሽ በሁለት አውራ ጣቷ ትጽፋለች፤ እኔ "ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ" እያልኩ እንደ አስተርጓሚ እለፈልፋለሁ። ሰንበቴው ሲበተን የሁሉም በዓል ለብቻ፣ የየቤቱ ለብቻ ገባ። አንዱ ባለ ስለት ሲቀር ወንፈሉ በሙሉ ይቆም የነበረው ነገርም ያኔ ቀረ። እኔ ከዚያ ቀን በፊት ኮምፒውተር ሳይንስ የምማረው ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ እውነቴን ነው።

ደስታችን ግን ዶርም እስክንደርስ ነው የቆየ። ገጹ ተራውን አወጣ፤ የይታይሽ አባት መጨረሻ ሆኑ። ማሳቸው ያለው ከፍ ብሎ ደጋው ላይ ነው፤ ከሁሉ ዘግይቶ የሚደርሰው የእሳቸው ነው። ስሌቱ ትክክል ነው። ደጋግማ አየችው፤ ትክክል ነው። ለሁሉም መልእክቱን ላከች።

አባቷ ሲደውሉ ድምፃቸው ስልኩን አልፎ እኔ አልጋ ድረስ ይሰማ ነበር። "አምና ሌላ ሰው መጨረሻ አደረገኝ፤ ዘንድሮ የወለድኳት ልጅ መጨረሻ አደረገችኝ! ለዚህ ነው ያስተማርኩሽ?"

"አባዬ፣ እኔ አይደለሁም፤ ማሳው ነው" አለች። ስልኩን ዘጉባት።

የኅዳር ወር እየገፋ ሄደ። የሌሎቹ ስንዴ በተራ እየታጨደ ይከመራል፤ አንድም ጭቅጭቅ የለም። ነገር ግን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከዶርም በረንዳ ሆነን ብናይ የጉና ተራራ ጥቁር ደመና ለብሷል። የአየር ትንበያውን ከፈትኩ፤ ሊዘንብ ነው። የአባቷ ስንዴ ደርሷል፣ ተራቸው ግን ገና ነው።

"ይታይሽ፣ አንዲት መስመር እኮ ናት" አልኳት። "ስማቸውን ወደ ላይ አንሺው። ማንም አያይሽም።"

"የት እንዳለችም አውቃታለሁ" አለችኝ።

"ታዲያ?"

"ዛሬ ከነካኋት ነገ ገጹ የእኔ ነው። አሁን የነሱ ነው።"

ስልኳን በግንባሩ ደፍታ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። እንባዋ ሲወርድ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። በእልሟ ተናደድኩባት። አብሬያትም አለቀስኩ። በማግስቱ የጊዮርጊስ ቀን ስለነበር ቢያንስ ቅዳሴ እናስቀድስ፣ አባቷንም እናይ ብለን ወደ መንደሯ ሄድን።

ቅዳሴው አልቆ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጣ ደመናው ከጉና ወርዶ ወደኛ ይጓዛል። አያ ፈንቴ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው "አንዴ ስሙኝ!" አሉ። "እኔ ይህን ያህል ዘመን ተራ ሳወጣ ዘመድህን አስቀደምክ ተባልኩ። ይቺ ልጅ አባቷን መጨረሻ አደረገች። ማስቀደም ያቃታት መሰላችሁ? እንግዲህ ዝናቡ ከመጣ እኛ በልተን እሷ ቤት ሊራብ ነው።"

"በዓል ነው እኮ" አለ አንዱ። ሁሉም ወደ ቄስ ይርጋ ዞረ።

ቄስ ይርጋ ደመናውን አዩ፤ ከዚያ ሰዉን። "ወንፈል ከሆነ አይሆንም" አሉ። "ወንፈል ብድር አለው፤ ለራስ መሥራት ነው። ብድር የማትጠይቁበት፣ ለሰው ብቻ ብላችሁ ከሆነ ግን ሂዱ፤ ጊዮርጊስ አይቀየማችሁም። እኔም መጣሁ።"

እንዲያ ያለ ሩጫ አይቼ አላውቅም! ነጠላውን ያጣፋው ነጠላውን እንዳጣፋ፣ ማጭድ ሊያመጣ ወደየቤቱ ተበተነ። አፍታ ሳይቆይ ያ የደጋው ማሳ ሰው በሰው ሆነ። አጫጆቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው እየዘፈኑ ይወርዳሉ፣ ሴቶቹ ይሰበስባሉ፣ ቄስ ይርጋ እጅጌያቸውን ሰብስበው ነዶ ያቀብላሉ። እኔም ነዶ አሰርኩ፤ ያሰርኩት ሁሉ ሲያነሱት ይበተናል። "የባሕር ዳሯ ነዶ!" እያሉ ሳቁብኝ፤ ያቺ አሮጊት እጄን ይዘው አሳዩኝ። አባቷ ዱላቸውን ተደግፈው የማሳው ጫፍ ላይ ቆመዋል። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። ይታይሽ ወገቧን ታጥቃ ከወንዶቹ መስመር ውስጥ ታጭዳለች፤ ቀና ስትል አየኋት፤ ፊቷ ላይ ላብ ይሁን እንባ አይለይም።

የመጨረሻው ነዶ ክምሩ ላይ ሲወጣና ጫፉ ሲከደን የመጀመሪያዋ ጠብታ ግንባሬ ላይ አረፈች። ሰዉ "እልል!" አለ። ይታይሽ ስልኳን ከሻርፗ ውስጥ አውጥታ ገጹን ከፈተችውና አሳየችኝ። በትልቁ "ዛሬ ጊዮርጊስ ነው፤ ሥራ የለም" ይላል።

"ተሰበረ!" ብላ ጮኸች። "እንኳንም ተሰበረ!" ዝናቡ ላይ እየዘለለች አቀፈችኝ፤ ሁለታችንም ጭቃው ላይ ወደቅን።

ትምህርቷን ጨረሰች። አሁን እብናት ወጣቶችን ኮምፒውተር ታስተምራለች፤ እኔ ባሕር ዳር ቢሮ ተቀምጬ ሻይ እጠብቃለሁ። የወንፈሉ ገጽ አሁንም በየዓመቱ ኅዳር ላይ እዚያው አረንጓዴ ድረ ገጿ ውስጥ ይነሳል። ለዚህ ነው ሰኞ ጠዋት ጠፍቶ ሳገኘው፣ እሷም ስልኳን ስትዘጋ፣ እንደዚያ የሆንኩት።

የደወለችልኝ ከሰዓት በኋላ ነው። "ባትሪዬ አልቆ ነው፤ ለአጨዳው ቤት መጥቼ ማሳ ነበርኩ" አለችኝ። ከዚያ እየጮኸች ቀጠለች። "የባሕር ዳሯ፣ ገጹ ወደቀ እኮ! ሰው በዛበት! ድረ ገጹን የሚያስቀምጡልን ሰዎች በነፃ የሚሰጡን አገልግሎት ልክ አለው አይደል? ሞልቶ ፈሶ ዘጉት! የሐሙሲት ሰዎች፣ የእብናት፣ የማላውቃቸው መንደሮች፣ ስልክ የያዘ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ገብቶበታል!"

"ከየት ሰሙ?" አልኩ፤ ቆሜ ነው የማወራው፤ ቢሮው ሁሉ ያየኛል።

"አባዬ ነዋ! ገበያ በወጣ ቁጥር የሚያወራው ይህንኑ ነው። 'እኔ ልጅ አለችኝ፤ አባቷን መጨረሻ ያደረገች' ይላቸዋል። ሰዉ ገጹን በስሙ አያውቀውም፤ 'አባቷን መጨረሻ ያደረገችውን ልጅ ገጽ ክፈትልኝ' እያለ ነው የሚያስከፍተው።"

ሳቅኩ፣ አለቀስኩም መሰለኝ። ከወዲያ በኩል ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሰማሁና የአባቷ ድምፅ መጣ፤ ያ ስልክ የማያግደው ድምፅ።

"እንዴት ዋልሽ ልጄ? ይቺ ልጅ ገጹን ልታድሰው ነው አሉ። እኔ እንደሆንኩ ቦታዬ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ እንዳትነቅለኝ ንገሪልኝ።"